የምናየው ጣቢያ ሲሸጥ እኛ ምን አቅም አለን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደረሰን ጥያቄ፦

«ልጄ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ማታ ዜና ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትልልቆቹ የሚዲያ ኩባንያዎች እየተገዛዙ አንድ ሊሆኑ ነው ሲባል እሰማለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት ይህን ለማስቆም ፈርሙ ብሎ ወረቀት ሰጠን። እኔም ፈረምኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ግራ ገባኝ። የቢሊዮን ዶላር ጉዳይ በእኔ ፊርማ ይቆማል? ወይስ ለይስሙላ ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

ጋሼ፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ። የፈረሙት ወረቀት ብቻውን ኩባንያዎቹን አያስቆምም። አሜሪካ ውስጥ ፊርማ ቆጥሮ ውህደት የሚከለክል መሥሪያ ቤት የለም። ይሁንና «ለይስሙላ ነው» ብለው እንዳይተዉት። እርስዎ የጣቢያው ተመልካች ነዎት። በዚህ አገር ሕግ ተመልካች መሆን ራሱን የቻለ መብት አለው።

መጀመሪያ ማን እንደሚወስን እንይ። አንድ ትልቅ የሚዲያ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ጉዳዩ በአብዛኛው ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የፀረ ሞኖፖሊ ክፍል ነው። በ1914 የወጣው የክሌይተን ሕግ ውድድርን በእጅጉ የሚያዳክም ግዢን ይከለክላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሥልጣን «ከልክያለሁ» ማለት አይችልም። ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስና ማስረዳት አለበት። ካልቻለ ኩባንያዎቹ ይዋሃዳሉ።

ሁለተኛው ኤፍሲሲ የምንለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሠሩት በሕዝብ የአየር ሞገድ ላይ፣ በፈቃድ ነው። ፈቃዱ ወደ ሌላ ባለቤት ሲዞር ኮሚሽኑ ማጽደቅ አለበት። እዚህ ላይ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ዝውውሩ ለሕዝብ ጥቅም እንደሚበጅ እነሱ ማሳየት አለባቸው። ካላሳዩ አይጸድቅላቸውም። ይህችን ልዩነት ይያዙልኝ። ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ትልቁ ዕድል ያለው እዚህ ነው።

ይህ የተመልካች መብት እንዴት እንደመጣ ሳልነግርዎት አላልፍም። ያስገኙት በሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ከተማ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያንና ከጎናቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው። በከተማው ደብልዩ ኤል ቢ ቲ የሚባል ጣቢያ ነበር። ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ነው። ጣቢያው ግን ስለ ጥቁሮች መብት የሚናገር ሰው ከኒውዮርክ በሚመጣው ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ ሥርጭቱን ይቆርጥ ነበር። በ1955 ተርጉድ ማርሻል (በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት) ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ የጃክሰን ተመልካች ያየው «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር አጋጥሞናል» የሚል ጽሑፍ ነው።

በ1964 ቄስ ኤቨረት ፓርከር የሚባሉ የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ሰው በጎ ፈቃደኞች አሰባሰቡ። ጣቢያው ሳያውቅ ቁጭ ብለው ለአንድ ሳምንት ያህል ሥርጭቱን ተከታተሉ። ማን ቀረበ፣ ማን አልቀረበም፣ ስንት ደቂቃ ተሰጠው፣ ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ ከሚሲሲፒ ሁለት ጥቁር መሪዎች፣ ከአሮን ሄንሪና ከሮበርት ስሚዝ ጋር ሆነው የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ አቤቱታ አቀረቡ። ኮሚሽኑ ምን አለ? እናንተ ተመልካቾች ናችሁ፣ በገንዘብ የተጎዳችሁት ነገር የለም፣ ስለዚህ ተከራካሪ መሆን አትችሉም አለ። እስከዚያ ድረስ መከራከር የሚችሉት ተፎካካሪ ጣቢያዎችና ሞገዳቸው የተረበሸባቸው ብቻ ነበሩ።

ሰዎቹ ይግባኝ አሉ። በ1966 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመልካችም ተከራካሪ መሆን ይችላል ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዋረን በርገር ናቸው። ኮሚሽኑ ከዚያም በኋላ ፈቃዱን ሊያድስ ሞክሮ ነበር። በ1969 ያው ፍርድ ቤት ሻረው። ጣቢያው ፈቃዱን አጣ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር የሚደንቀኝ ያ የማስታወሻ ሥራ ነው። ጠላት በሞላበት ከተማ ቁጭ ብሎ ሰዓት እያዩ መጻፍ!

አሁን ወደ ውህደቱ ልመለስ። የማስቆም ነገር ሲነሳ እኔ ሁልጊዜ የማወራው ብዙ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላላቸው ሁለት ኩባንያዎች፣ ስለ ሲንክሌርና ትሪቢዩን ነው። ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሲንክሌር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሀንት ቫሊ ነው። በአካባቢያችን የምናየው ቻናል 7 የእሱ ነው። ቻናል 50 ደግሞ ያኔ የትሪቢዩን ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ነው። አንድ ኩባንያ በጣቢያዎቹ ከአገሪቱ ቤተሰቦች ከ39 በመቶ በላይ መድረስ አይችልም የሚል ገደብ ነበር። በድሮ ጊዜ ግን ዩኤችኤፍ የሚባሉት ቻናሎች ሞገዳቸው ደካማ ስለነበር ሽፋናቸው በግማሽ ይቆጠር ነበር። ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ያ ድክመት የለም። ስለዚህ ኮሚሽኑ በ2016 የግማሽ ቆጠራውን ሰርዞት ነበር። በኤፕሪል 2017 አዲሱ ሊቀ መንበር አጂት ፓይ መለሱት። ሦስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ሲንክሌር ትሪቢዩንን በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። በትክክል ቢቆጠር አዲሱ ኩባንያ 72 በመቶ ለሚሆነው ቤተሰብ ይደርስ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው «ያለቀ ነገር ነው» ይል ነበር። ሊቀ መንበሩ ደንቡን አላልቷል። ፕሬዚዳንቱ ይደግፋሉ። ማን ያስቆመዋል?

ተቃዋሚዎቹን ይመልከቱ። ፍሪ ፕሬስ፣ ኮመን ኮዝ፣ ፐብሊክ ኖሌጅ የሚባሉ የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች አሉ። ዲሽ የሚባለው የሳተላይት ኩባንያና ትናንሽ የኬብል ድርጅቶች አሉ። የወግ አጥባቂዎቹ ኒውስማክስም አለ። የስቴት ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግም ገቡበት። በሌላ ነገር የማይስማሙ ሰዎች በዚህ ተስማሙ። እነዚህ ሰዎች «አንፈልግም» ብለው ብቻ አልቀሩም። ኩባንያው ያስገባውን ሰነድ ገጽ በገጽ አነበቡ።

ካነበቡት አንዱን ላሳይዎት። ሲንክሌር ከገደቡ ለማምለጥ አንዳንድ ጣቢያዎችን እሸጣለሁ አለ። ከነሱ አንዱ የቺካጎው ደብልዩ ጂ ኤን ነው። ትልቅ፣ አንጋፋ ጣቢያ ነው። ለማን ሊሸጠው ነው? ለአንድ የሜሪላንድ መኪና ነጋዴ። በስንት? በ60 ሚሊዮን ዶላር። ቺካጎ ውስጥ ላለ እንዲያ ዓይነት ጣቢያ ይህ በጣም ርካሽ ነው። ገዢው በብሮድካስት ሥራ ልምድ የለውም። ከሲንክሌር ሊቀ መንበር ጋር ግን የንግድ ትስስር አለው። ከሽያጩ በኋላም ጣቢያውን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው ሲንክሌር ነው። በኋላ መልሶ የመግዛት መብትም ይዟል። ታዲያ ይህ ሽያጭ ነው? ተቃዋሚዎቹ ይህን ነጥብ በነጥብ ዘርዝረው መዝገቡ ላይ አስቀመጡት።

በ2018 የጸደይ ወራት ደግሞ በየከተማው ያሉ የሲንክሌር ዜና አንባቢዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቃል በቃል ሲያነቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። አገር ሁሉ አየው። ቁጣውም ያን ያህል ሆነ። ነገር ግን ኮሚሽኑ በጽሑፍ የጠቀሰው ቪዲዮውን አልነበረም። የጠቀሰው ያንን የቺካጎ ሽያጭና በዳላስና በሂውስተን የታሰቡትን ተመሳሳይ ሽያጮች ነው። በጁላይ 2018 ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከባድ ስጋት አለኝ አሉ። ኮሚሽነሮቹ በሙሉ፣ ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም፣ ጉዳዩ በዳኛ ፊት እንዲሰማ ወሰኑ። ሲንክሌር በመጨረሻው ሰዓት የቺካጎውን ሽያጭ ትቻለሁ ቢልም አልሰሙትም።

እንዲህ ያለው ችሎት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የግዢ ውል ደግሞ ቀነ ገደብ አለው። ቀኑ ሲያልፍ፣ ኦገስት 9 ቀን፣ ትሪቢዩን ውሉን አፈረሰ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኮሚሽኑን በትዊተር ወቅሰው ነበር። የሆነ ለውጥ አልመጣም። በ2020 ሲንክሌር በአብዛኛው ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ 48 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኮሚሽኑ በአንድ ብሮድካስተር ላይ እስከዚያ ከጣለው ሁሉ ትልቁ ነበር።

የቀረውንም ልንገርዎት፣ እንዳልደብቅዎት። ትሪቢዩን ብቻውን አልቀረም። በ2019 ኔክስታር የሚባል ሌላ ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ጣቢያዎቹ ወደ ትናንሽ ባለቤቶች አልሄዱም። ይህ ያሳዝነኛል። ሰዎቹ ያስቆሙት አንድን ውል ነው እንጂ ነገሩን በሙሉ አይደለም።

እንግዲህ እርስዎ ምን ያድርጉ? ያ ወጣት የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይጠይቁት። ድርጅቱ ለኮሚሽኑ የመቃወሚያ አቤቱታ የሚያስገባ ከሆነ የሚያስፈልገው የብዙ ሺህ ሰው ፊርማ ሳይሆን እንደ እርስዎ ያለ የአካባቢው ተመልካች ቃል ነው። አቤቱታ አቅራቢ ጉዳዩ የሚነካው መሆኑን ማሳየት አለበት። የሚያሳየውም በጣቢያው ክልል በሚኖር አባሉ አማካይነት ነው።

እኔ ዋሽንግተን ውስጥ ባለ የጥብቅና ቢሮ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ሳሰናዳ ኖሬያለሁ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስሜ እገሌ ነው ይላል። የምኖረው እዚህ ነው ይላል። ይህን ጣቢያ አዘውትሬ አያለሁ ይላል። ጣቢያው ቢሸጥ እኔ ላይ የሚደርሰው ይህ ነው ይላል። ከታች «የተናገርኩት እውነት ነው፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ» የሚል ቃል አለ። ከዚያ ፊርማና ቀን። ኖተሪ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው አራተኛው ላይ ነው። «ዴሞክራሲ ይጎዳል» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ከሚሉ «የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ስብሰባን የምከታተለው በዚህ ጣቢያ ዜና ነው፣ ገዢው ኩባንያ የዜና ክፍሉን ከሌላ ጣቢያ ጋር አዋህዶ ሪፖርተሮችን ቢቀንስ ይቀርብኛል» ይበሉ። እርስዎ መምህር ነዎት፣ ምሳሌ እንዴት እንደሚሰጥ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አቤቱታው የሚገባው ኮሚሽኑ ማመልከቻውን ለሕዝብ ካሳወቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። አስተያየት ብቻ መስጠት ከፈለጉ ደግሞ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ የጉዳዩን የመዝገብ ቁጥር አስገብተው መጻፍ ይችላሉ። ለአስተያየት ዜግነት አይጠየቅም። ስምዎና አድራሻዎ ግን ለሁሉም ሰው እንደሚታይ ይወቁ። ልጆችዎ በስምዎ ከመላካቸው በፊት ይህን ይንገሯቸው።

የተዘጋጀ ጽሑፍ ገልብጦ መላክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ስለ ኢንተርኔት ደንብ ለዚሁ ኮሚሽን ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገብቶ ነበር። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከዚያ ውስጥ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው የሐሰት ነበር። ከሁለቱም ወገን። ከዚህ በኋላ ተመሳሳይ ጽሑፍ በገፍ ሲመጣ ማን በቁም ነገር ያየዋል? በራስዎ ቃል የጻፏት አንዲት ገጽ ትሻላለች።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን ስቴት የደረሰን ጥያቄ፦

«እትዬ፣ እንደምን ነሽ? የሚዲያ ውህደት ይቁም ብዬ የኮንግረስ ተወካዬ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ "እናስተላልፋለን" ብሎ ዘጋው። ሴናተሮችም በቴሌቪዥን ሲቃወሙ አያለሁ፣ ነገር ግን ምንም ሲያደርጉ አላይም። ለመሆኑ የማገድ ሥልጣን አላቸው?»

እህቴ፣ በአንድ ውህደት ላይ ድምፅ ሰጥተው ማገድ አይችሉም። ኮንግረስ ውህደት አያጸድቅም፣ አይሽርምም። ሴናተር የሚጽፈው ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። እንዲያውም በሌላ በኩል የሚጽፉም አሉ። በ2014 የኬብል ኩባንያው ኮምካስት ሌላውን የኬብል ኩባንያ ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል ከንቲባዎችና ገዢዎች ድጋፋቸውን ጽፈውለት ነበር። ሴናተር አል ፍራንከን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ተቃወሙ። ያ ግዢ በኤፕሪል 2015 ፈረሰ። የፈረሰው ግን በደብዳቤ ብዛት ሳይሆን የፍትሕ መሥሪያ ቤቱና የኮሚሽኑ ባለሙያዎች እንደማይቀበሉት ስላሳወቁ ነው።

የተወካዮች ትክክለኛ ሥልጣን ሌላ ነው። ደንቡን ማውጣት፣ ባጀት መያዝ፣ ኮሚሽነሮችን ማጽደቅ፣ ጠርቶ መጠየቅ። እነዚህን ሲጠቀሙ ያየሁት በ2003 ነው።

በዚያ ዓመት ጁን 2 ቀን በማይክል ፓወል የሚመራው ኤፍሲሲ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ የባለቤትነት ገደቡን ከ35 ወደ 45 በመቶ ከፍ አደረገው። ሕዝቡ ተነሣ። ወደ ኮሚሽኑና ወደ ኮንግረስ የሚሊዮኖች ተቃውሞ ጎረፈ። የሴቶች መብት ድርጅቱ ናው እና የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር በአንድ ወገን ቆሙ። በሴኔት የሚሲሲፒው ሪፐብሊካን ትሬንት ሎትና የሰሜን ዳኮታው ዴሞክራት ባይረን ዶርጋን አብረው ሠሩ። በጁላይ የተወካዮች ምክር ቤት ገደቡን ወደ 35 የሚመልስ አንቀጽ ያለበትን የባጀት ሕግ 400 ለ21 አሳለፈ። በሴፕቴምበር ሴኔቱ የኮሚሽኑን ውሳኔ በሙሉ ለመሻር 55 ለ40 ድምፅ ሰጠ። ዋይት ሀውስ ግን በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እሽረዋለሁ ብሎ አስፈራራ። የሴኔቱን ውሳኔ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ቀረ።

በመጨረሻ ተስማሙ። በጃንዋሪ 2004 በወጣው የባጀት ሕግ ገደቡ 39 በመቶ ሆነ። 39 ከየት መጣ? ቫያኮምና ኒውስ ኮርፕ የሚባሉት ትልልቅ የሚዲያ ኩባንያዎች ያኔውኑ ከ35 አልፈው ወደ 39 ተጠግተው ነበር። 39 ሲሆን አንድም ጣቢያ መሸጥ አላስፈለጋቸውም። ይህን ሳስብ አሁንም ያበግነኛል። ያን ያህል ሕዝብ ጮሆ፣ ቁጥሩ የተሰፋው በኩባንያዎቹ ልክ ነው። ቢሆንም 45 አልሆነም። ከላይ ለጋሼ የነገርኳቸው ሲንክሌርን ያስቸገረው ገደብ ይኸው ነው።

የቀረውን የኮሚሽኑን ለውጥ ያስቆመው ፍርድ ቤት ነው። ፕሮሜቲየስ ሬዲዮ ፕሮጀክት የሚባል የፊላደልፊያ ትንሽ ድርጅት ከሰሰ። አነስተኛ አቅም ያላቸውን የሰፈር ሬዲዮዎች የሚያቋቁሙ ሰዎች ናቸው። አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤቱ አገደው። ክርክሩ በዓመታት ተራዝሞ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኮሚሽኑ ፈረደ። እስከዚያ ግን ብዙ ዓመት አልፏል። በዚህ ጉዳይ ጊዜ ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ እንደገና ስትደውዪ «ተቃወሙልኝ» አትበዪ። ለይተሽ ጠይቂ። ተወካይሽ ኮሚሽኑን የሚቆጣጠረው የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ አባል ናቸው? ከሆኑ ችሎት እንዲጠሩ ጠይቂ። ኩባንያዎቹ ያስገቡት ሰነድ ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ለአስተያየት የተሰጠው ጊዜ እንዲራዘም እንዲጽፉ ጠይቂ። በ2017 የኮንግረስ አባላት የኤፍሲሲ ዋና ኢንስፔክተር የሊቀ መንበሩንና የሲንክሌርን ግንኙነት እንዲመረምር ጠይቀው ምርመራው ተደርጓል። በሊቀ መንበሩ ላይ የተገኘ ጥፋት የለም። መጠየቃቸው ግን ትክክል ነበር፣ መልሱም ለሕዝብ ወጣ። ቢሮው ውስጥ ደግሞ ስልክ አንሺውን ሳይሆን የኮሙኒኬሽን ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ አገናኙኝ በዪ። እንዲህ ያለ ሰው አላቸው።

አንቺ ጋ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፌዴራል መንግሥቱ ዝም ቢል እንኳ በክሌይተን ሕግ ከስሶ ውህደት ማስቆም ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1990 በካሊፎርኒያ ጉዳይ አረጋግጧል። የእናንተ ስቴት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ በ2025 አዲስ ሕግ አውጥቷል። በስቴቱ በቂ ሥራ ያላቸው ኩባንያዎች ለፌዴራል የሚያስገቡትን የውህደት ማስታወቂያ ቅጂ ለእናንተ ዐቃቤ ሕግም ያስገባሉ። ስለዚህ ኦሎምፒያ ላለው ዐቃቤ ሕጋችሁ መጻፍሽ ዋሽንግተን ዲሲ ከመደወልሽ ያላነሰ ይጠቅማል። ዐቃቤ ሕጉ የሚመረጠው በእናንተው ድምፅ ነው።

ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ የደረሰን ጥያቄ፦

«የሚዋሃዱት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሳይሆኑ የፊልም፣ የመጽሐፍ ወይም የስትሪሚንግ ኩባንያዎች ቢሆኑስ? እኛ ቤት ጣቢያ የሚያይ የለም፣ ልጆቹ ሁሉንም በስልክ ነው የሚያዩት።»

ያኔ ኤፍሲሲ በአብዛኛው አይገባበትም። የሚተላለፍ የብሮድካስት ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ አይመለከተውም። ኩባንያዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ኩባንያውን ታይም ዋርነርን ሊገዛ ሲል ታይም ዋርነር አትላንታ ውስጥ አንድ ጣቢያ ብቻ ነበረው። በ2017 ለሌላ ኩባንያ በ70 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከዚያ በኋላ ያ የ85 ቢሊዮን ዶላር ግዢ በኤፍሲሲ ፊት ሳያልፍ ቀረ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከሰሰ። በጁን 2018 ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን በቂ ማስረጃ አላቀረባችሁም ብለው ለኩባንያዎቹ ፈረዱ። በቀጣዩ ዓመት ይግባኙም ወደቀ።

በተቃራኒው የመጽሐፍ አሳታሚው ፔንግዊን ራንደም ሀውስ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን በ2.175 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል መንግሥት ከሶ አሸነፈ። በኦክቶበር 2022 ዳኛ ፍሎረንስ ፓን ግዢውን አገዱት። ክርክሩ ስለ መጽሐፍ ዋጋ አልነበረም። አሳታሚዎቹ ሲቀንሱ ደራሲዎች የሚያገኙት ቅድመ ክፍያ ይወርዳል ነው የተባለው። ታዋቂው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ የራሱን አሳታሚ ኩባንያ ተቃውሞ መሰከረ። ቤታችሁ ውስጥ ለነዚህ ኩባንያዎች የሚሠራ፣ የሚሸጥላቸው፣ የሚተረጉምላቸው ወይም ማስታወቂያ የሚገዛቸው ሰው ካለ የሱ ቃል ከተመልካች ቃል ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። የፀረ ሞኖፖሊ ክፍሉ ከማንኛውም ሰው በድረ ገጹ ጥቆማ ይቀበላል። በንግዱ ውስጥ ምን አየህ፣ ዋጋውን ማን ይወስናል፣ ከሁለቱ ኩባንያዎች ሌላ አማራጭ አለህ? እነዚህን ነው ማወቅ የሚፈልገው።

መንግሥትና ኩባንያዎቹ ከተስማሙም ሕዝቡ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በ1974 በወጣ ሕግ መሠረት ስምምነቱ ለሕዝብ ይወጣል፣ 60 ቀን ይሰጣል። የመጣው አስተያየት ሁሉ ለዳኛው ይቀርባል፣ መንግሥትም መልስ መስጠት አለበት። ዳኛ ሊዮን በ2011 የኮምካስትንና የኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን ስምምነት ዝም ብለው አልፈረሙም። አሠራሩ ለሕዝብ የሚበጅ መሆኑን ለማየት ለሁለት ዓመት ሪፖርት ይቅረብልኝ አሉ። እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩን ዜና ላይ ስትሰሙ አስተያየቱ የሚላክበትን አድራሻና የመጨረሻውን ቀን የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ታገኙታላችሁ። ስድሳው ቀን የሚቆጠረው ማስታወቂያው በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ነው።